ስታንገራግር የምትጠፋ መኪና፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩ

የዛሬው ትምህርታችን ከመኪና ማቆሚያው ነው። ነዳጅ ስትረግጡላት የምታንገራግር፣ መብራት ላይ ስትቆሙ ደግሞ ድንገት የምትጠፋ የስፖርት መኪና እንዴት እንደምትመረመር እናያለን። "የነርሲንግ ተማሪ ስለ ሞተር ምን አገባት?" የምትሉ ትኖራላችሁ። መልሴ አጭር ነው። ታካሚም ይሁን ሞተር፣ ምልክቱን በደንብ ሳይጠይቁ መድኃኒት ማዘዝ ገንዘብ ያስጨርሳል፤ አንዳንዴም ሕይወት ያሳጣል።

ለምሳሌ የምንወስደው ማዝዳ ሚያታን ነው። በአውሮፓ ያላችሁ ኤምኤክስ-5 በሚለው ስሟ ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የታየች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመርታለች። ብዙ ስለተሠራች አሮጌዎቹ በተማሪ አቅም ይገኛሉ። የምናተኩረው በሁለተኛው ትውልድ ላይ ነው፤ በአሜሪካ ከ1999 እስከ 2005 ሞዴል ሆኖ በተሸጠው፣ ባለ 1.8 ሊትርና ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር። አብዛኛው የምለው ግን በቤንዚን ለሚሠራ ለማንኛውም መኪና ያገለግላል።

በመጀመሪያ ቋንቋችንን እናስተካክል። ከወላጆቻችን የሰማናቸው የመኪና ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ እዚህ ያለው መካኒክ ደግሞ በሌላ ስም ይጠራቸዋል። አባታችሁ "ካንዴላ" የሚሉት ጋራዡ ውስጥ ስፓርክ ፕላግ ነው። "ቦቢና" ኢግኒሽን ኮይል ነው። "ፍሪሲዮን" ክላች፣ "ኮፈን" ሁድ፣ "ሚኒሞ" ደግሞ አይድል ነው፤ መኪናዋ ቆማ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ማለት ነው። እነዚህን አምስት ቃላት ከያዛችሁ ከአባታችሁም ከመካኒኩም ጋር ትግባባላችሁ።

ምልክቱን በስሙ ጥሩ

"መኪናዬ አልሠራ አለች" ማለት "አሞኛል" እንደማለት ነው። ሦስት ነገሮችን ለዩ።

ማንገራገር ማለት ነዳጅ ስትረግጡ ጉልበቱ ዘግይቶ ሲመጣ ነው። ሞተሩ ለአፍታ ያመነታል፣ ከዚያ ይነሣል።

መንተፍተፍ ማለት ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ወይም ከዚያ በላይ አልፎ አልፎ ሳይተኩስ ሲቀር ነው። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ይቆራረጣል። መካኒኮች ሚስፋየር ይሉታል።

መጥፋት ማለት ሞተሩ ጭራሽ ሲቆም ነው። እዚህም ልዩነት አለ። ተንቀጥቅጦ ቀስ በቀስ የሚጠፋ ሞተርና ማብሪያው እንደተዘጋ ያህል በአንዴ ጸጥ የሚል ሞተር ሕመማቸው አንድ አይደለም።

ሞተሩ የሚፈልገው ምንድን ነው?

ሞተር አራት ነገር ይፈልጋል፦ አየር፣ ነዳጅ፣ የእሳት ብልጭታ እና መጭመቅ። አራቱም በትክክለኛው ሰዓት መምጣት አለባቸው። ቤንዚን በሙሉ እንዲቃጠል ለ1 ግራም ቤንዚን ወደ 14.7 ግራም አየር ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ይለካል፣ ለዚያ የሚመጥን ነዳጅ ይረጫል። ሳይለካ የገባ አየር ካለ ድብልቁ ይቀጥናል፤ ሞተሩም ያንገራግራል።

ፍጥነቱን አስቡት። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተኩስ በደቂቃ 400 ጊዜ ማለት ነው፤ አራቱ በአንድ ላይ 1600 ጊዜ። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ሞተሩ በሚኒሞ ተኝቶ እንኳ ይህን ያህል ይሠራል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጥቂቱ ሲጎድል ነው እኛ "ታንገራግራለች" የምንለው።

ታሪኳን ጠይቁ

በሕክምና ትምህርት የመጀመሪያው መሣሪያ ጥያቄ ነው፦ መቼ ጀመረ? ምን ያባብሰዋል? ምን ያሻለዋል? ለመኪናም እንዲሁ ነው። ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና የሚከተሉትን መልሱ።

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው? የቀዘቀዘ ሞተር ወፍራም ድብልቅ ይፈልጋል፤ ቤንዚን በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ በደንብ አይተንም። የሞተር ሙቀት ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ እየሰጠ፣ ወይም በተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ሳይለካ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል።

ከሞቀ በኋላ ነው የሚጠፋው? ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሣል? ይህ ክራንክ ሻፍት የት እንደደረሰ የሚናገረውን ሴንሰር ወይም ቦቢናን ያስጠረጥራል። ውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል።

መብራት ላይ ስትቆሙ ብቻ ነው፣ በመንገድ ላይ ግን ደህና ናት? የአየር መግቢያው በር በጥላሸት ተደፍኖ፣ ሚኒሞን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ተጣብቆ፣ ወይም የተቃጠለ ጋዝ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ዳገት ላይ ወይም በሙሉ ጉልበት ስትነዱ ነው? ያኔ ሞተሩ ብዙ ነዳጅና ጠንካራ ብልጭታ ይጠይቃል። የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ ያረጁ ካንዴላዎች ወይም የተዘጋ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይጠረጠራሉ።

ነዳጅ ቀድታችሁ ስትነሡ ነው? ከታንኩ የሚወጣውን የቤንዚን እንፋሎት ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈው ፐርጅ ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆናል።

ታንኩ ሊያልቅ ሲል በረጅም ኩርባ ላይ ነው? በስፖርት መኪና ይህ የተለመደ ነው። ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ይፈስና ፓምፑ ለአፍታ አየር ይስባል። መፍትሔው ጋራዥ ሳይሆን ማደያ ነው።

ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ነው? ከቦቢና ወደ ካንዴላ የሚሄዱት ገመዶች አርጅተው ብልጭታው በእርጥበቱ በኩል ሾልኮ ይሆናል።

አንድ ተጨማሪ ዘዴ ላሳያችሁ። በማርሽ እየሄደች ስትጠፋ፣ ፍሪሲዮኑን ገና ሳትረግጡ፣ የሞተር ዙር መቁጠሪያውን እዩ። መኪናዋ እየተንከባለለች፣ ጎማው ሞተሩን እያዞረው መርፌው በአንዴ ወደ ዜሮ ከወደቀ ኮምፒውተሩ የሞተሩን መዞር አላየም ማለት ነው፤ ሴንሰሩንና የብልጭታውን ኤሌክትሪክ ጠርጥሩ። መርፌው ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር ቀስ ብሎ ከወረደ ነዳጁን አስቀድሙ። የዳሽቦርዱ መብራቶች በሙሉ አብረው ከጠፉ ደግሞ የባትሪ ማሰሪያውን ወይም የቁልፍ ማብሪያውን እዩ። የሚያታ ባትሪ ከኋላ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ስለሆነ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ይህን የምታዩት ግን ቀድማችሁ መኪናዋን ከተቆጣጠራችሁ ብቻ ነው፤ ከመርፌው መንገዱ ይቀድማል። አብሯችሁ የተቀመጠ ሰው ካለ እሱ ይይላችሁ።

ኮዱ ምልክት እንጂ ምርመራ አይደለም

በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የተሸጡ የቤት መኪናዎች በሙሉ ኦቢዲ-2 የሚባል መሰኪያ አላቸው። ከመሪው በታች የሚገኝ፣ 16 ቀዳዳ ያለው ነው። በአውሮፓ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ርካሽ የንባብ መሣሪያ ገዝታችሁ ከስልካችሁ ጋር ማገናኘት ትችላላችሁ።

በዚህ ርዕስ ብዙ ጊዜ የምታዩአቸው ኮዶች እነዚህ ናቸው። ፒ0171 ድብልቁ ቀጥኗል ይላል። ፒ0300 ሚስፋየር አለ፣ ግን በአንድ ሲሊንደር ብቻ አይደለም ይላል። ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያሉት ሲሊንደሩን በቁጥሩ ይጠራሉ። ፒ0335 የክራንክ ሻፍት ሴንሰር መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ፒ0505 የሚኒሞ መቆጣጠሪያውን ይመለከታል።

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ፒ0171 ሲወጣ ብዙ ሰው ኦክስጅን ሴንሰር ይገዛል። ሴንሰሩ ግን ወሬውን ያመጣው ነው። ትኩሳት ያሳየውን ቴርሞሜትር ቀይሮ በሽተኛውን ወደ ቤት እንደመላክ ነው። ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ቁጥሩንና አብሮ የተመዘገበውን መረጃ ጻፉ፤ ችግሩ ሲፈጠር ሞተሩ ምን ያህል ሞቆ እንደነበር፣ ስንት ዙር ላይ እንደነበር ይነግራችኋል።

የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አትጠብቁ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ እየሄደ እያቃጠለው ነው ማለት ነው። እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ ደህና ቦታ ፈልጋችሁ አቁሙ።

ጤነኛ የምትመስል ታማሚ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው። አንድ ሰው ደም ሲፈስሰው የደም ግፊቱ ወዲያው ላይወርድ ይችላል። ልቡ ይፈጥናል፣ የቆዳው ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ሰውነቱ ጉድለቱን ይሸፍናል። ግፊቱን ብቻ ያየ ነርስ "ደህና ነው" ብሎ ያልፋል። የልብ ምቱን የቆጠረ ነርስ ግን ይደነግጣል።

ሞተርም ጉድለቱን ይሸፍናል። ሞተሩ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ኦክስጅን ሴንሰሩን መስማት ይጀምራል፣ ድብልቁ ቀጥኖ ካገኘው ነዳጅ ይጨምራል። የጨመረው ወይም የቀነሰው መጠን በመቶኛ ይመዘገባል፤ በንባብ መሣሪያው ላይ ፊውል ትሪም ተብሎ ይታያል። ከዜሮ በላይና በታች 10 በመቶ ድረስ ያለው ብዙ ጊዜ አያሳስብም። ከዚያ ካለፈ መኪናዋ ደህና ብትመስልም እየታገለች ነው።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የ2002 ሚያታ ጠዋት ጠዋት ታንገራግራለች እንበል፤ መብራት ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ትጠፋለች፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ምንም የላትም። ኮዱ ፒ0171 ነው። ባለቤቱ "ስትሞቅ ይተዋታል" ይላል። ከሞቀች በኋላ ትሪሙ በሚኒሞ ሲነበብ +18 በመቶ ነው። ቆማ ሳለች ሞተሩ ወደ 2500 ዙር ከፍ ሲል +4 ይሆናል። ይህ ምን ይነግረናል?

የሚገባው ያልተለካ አየር ትንሽና መጠኑ ብዙም የማይለወጥ ነው። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ያ ትንሽ ሌብነት ትልቅ ድርሻ ይሆናል። ዙሩ ከፍ ሲል ብዙ አየር ስለሚገባ ድርሻው ያንሳል። ስለዚህ የምንፈልገው ከአየር መግቢያው በር በኋላ ያለ ስንጥቅ ነው፤ ለምሳሌ የሞተሩን የውስጥ ጋዝ ወደ አየር መግቢያው የሚወስደው አጭር የጎማ ቱቦ። ጠዋት የሚብሰውም በሁለት ምክንያት ነው። ጎማው ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ስንጥቁ ይከፈታል። ኮምፒውተሩም ገና ሴንሰሩን ስለማይሰማ ጉድለቱን አይሸፍንም። ስትሞቅ አልዳነችም፤ ኮምፒውተሩ ሸፈነላት እንጂ። ትንሽ ቱቦ ይበቃት ነበር።

ትሪሙ በተቃራኒው በሚኒሞ ደህና ሆኖ ጉልበት ሲጠየቅ ወደ ላይ ቢወጣ ታሪኩ ይቀየራል። ያኔ ነዳጁ አልደረሰም፤ ፓምፑንና ፊልትሮውን እዩ። ወይም አየር የሚለካው ማፍ የተባለው ሴንሰር ቆሽሾ ከገባው በታች እየቆጠረ ነው።

በእጃችሁ ልትሠሩት የምትችሉት

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳናት አታውቁም።

ማፍ ሴንሰሩን ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ለእሱ ብቻ በተሠራ ስፕሬይ እጠቡት። ውስጡ ያለችውን ቀጭን ሽቦ በጣትም በጨርቅም አትንኩ፤ ሳይደርቅ አትመልሱት።

ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ በየተራ አስቀምጡና ቀለማቸውን አንብቡ። ቀላ ያለ ቡኒ ወይም ግራጫ ጤናማ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ድብልቁ መወፈሩን ይናገራል። ነጭ የሆነ ሙቀት መብዛቱን ወይም ድብልቁ መቅጠኑን ያሳያል። ዘይት የነካው ከሆነ ነገሩ ከካንዴላ ያልፋል።

ሚስፋየር ካለ የማቀያየር ዘዴ ተጠቀሙ። በዚህች ሚያታ አንዱ ቦቢና ለ1ኛና ለ4ኛ ሲሊንደር፣ ሌላው ለ2ኛና ለ3ኛ ያገለግላል። 1ና 4 አብረው ከታመሙ የጋራ የሆነውን ቦቢና ጠርጥሩ። 1 ብቻውን ከታመመ ካንዴላውን ከ2ኛው ጋር አቀያይሩ። ሕመሙ ወደ 2 ከሄደ ካንዴላው ነው። ባለበት ከቀረ ወደ ገመዱና ወደ ኢንጄክተሩ ሂዱ።

የማትነኩትንም ልንገራችሁ። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ በእጅ አትንቀሉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት አለበት። ስንጥቅ ለመፈለግ ተቀጣጣይ ነገር በትኩስ ሞተር ላይ አትርጩ፤ ጋራዥ ውስጥ በጢስ የሚፈልግ መሣሪያ አለ። የነዳጅ ግፊት መለካትንም ለሚያውቅ ተዉ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር በፍጹም አታስነሡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል፣ በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ እንኳ ያታልላል።

መንገድ ላይ ከጠፋች

አትደናገጡ፤ መሪውና ፍሬኑ አሁንም ይሠራሉ፣ ግን ይከብዳሉ። ፍሬኑን የሚያቀለው ከሞተሩ የሚመጣ ቫኪዩም ነው፤ ሞተሩ ሲቆም ለአንድ ሁለት ጊዜ የሚበቃ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትምቱ፤ አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። ፍሪሲዮኑን ርገጡ፣ የአደጋ መብራቱን አብሩ፣ ወደ መንገዱ ዳር ውጡ። መኪናዋ እየሄደች ቁልፉን ጨርሳችሁ አትንቀሉ፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ከወረዳችሁ ተሽከርካሪ በማያልፍበት በኩል ውረዱና ከመንገዱ ራቁ።

ይህ ቀላል ጉዳይ አለመሆኑን ዓለም በግልጽ ያየው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጄኔራል ሞተርስ ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪናዎችን በቁልፍ ማብሪያ ጉድለት ምክንያት ጠራ። ከእነርሱ መካከል ፖንቲያክ ሶልስቲስና ሳተርን ስካይ የተባሉት ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪናዎች ነበሩበት። ማብሪያው እየተነዳ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ግጭት ሲደርስም ኤርባጉ አይከፈትም። ለተጎጂዎች የተቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሞቶችን ከዚህ ጉድለት ጋር አያይዞ ተቀብሏል። ጥገናው እስኪደረግ ድረስ ለባለቤቶች የተሰጠው ምክር ከቁልፉ ላይ ሌላውን ነገር ሁሉ አውጡ የሚል ነበር።

ስለዚህ ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ሁሉ፣ አሜሪካ ከሆናችሁ ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ መለያ በብሔራዊ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራ የጥሪ ጥገና እንዳለባት እዩ። የደኅንነት ጥሪ ጥገና ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ይሠራል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህ ይቅደም።

ወደ መካኒክ ስትሄዱ "ምናልባት ፓምፑ ይሆናል" ብላችሁ አትጀምሩ። ወረቀታችሁን ስጡት፦ መቼ፣ በምን ሙቀት፣ በስንት ዙር፣ ከምን በኋላ፣ የትኛው ኮድ፣ ትሪሙ ስንት። እኛ ነርሶች ታካሚ ስናስረክብ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጥሩ መካኒክ ያመሰግናችኋል፤ እያነበበ የሚያልፈውን ደግሞ ትለዩታላችሁ።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ወይም መኪናችሁ ከዘረዘርኳቸው ውጭ የሆነ ባሕርይ የምታሳይ፣ ለዝግጅት ክፍላችን ጻፉ። መልካም የፈተና ሰሞን፣ መልካም መንገድ ይሁንላችሁ!